በሠልስት ማግስት የሚያንኳኩት

እናንተ ቤት ሐዘን ገብቶ ያውቃል? ገብቶ ከሆነ ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት አይደለም የምጠይቃችሁ። እነዚያን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በሩ ላይ ጫማ ይከመራል፣ የማታውቁት ሰው ሳይቀር መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፣ ወጥ ቤቱ በፎይል ትሪ ይሞላል። የምጠይቃችሁ ስለ ቀጣዩ ቀን ነው። ሠልስቱ ወጥቶ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ተመልሶ፣ ጠዋት ስትነሡ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ቀን። በዚያ ቀን በራችሁን ያንኳኳ ሰው ነበር?

እኔ በዚያ ቀን የሚያንኳኩ አንዲት ሴት አውቅ ነበር። እትዬ ስንዱ ይባላሉ። ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዩለስ በምትባል ከተማ በሚገኘው አፓርታማቸው እንደተኙ አረፉ። ዜናውን የሰማሁት በምሳ ሰዓት፣ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ ሳለ ነው። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያሰብኩት «አሁን በሠልስታቸው ማግስት ወደ ማን ቤት ነው የሚኬደው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ለምን እንደመጣብኝ እንዲገባችሁ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መምህር ስለሆንኩ ማስረዳት ይቀናኛል፤ እሳቸውም በዚህ ይቀልዱብኝ ነበር።

እዚህ ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ለቅሶን በሺፍት፣ በሥራ ፈረቃችን ልክ ነው የምንደርሰው። አንዱ ከዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘን ሥራው ሲወጣ፣ ሌላው ኤርፖርት ከመግባቱ በፊት፣ ታክሲ የሚነዳው በሁለት ተሳፋሪ መካከል ይመጣል። ቀብሩ ስለሚዘገይ ብዙዎቻችን ሠልስቱን የምንቆጥረው ከቀብሩ ቀን ጀምረን ነው። እስከዚያ ድረስ ቤቱ ሰው አይለየውም። በሦስተኛው ቀን ጸሎቱ ይደረሳል፣ ታጣፊ ወንበሮቹ ተለቅመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ፣ የተረፈው የታሸገ ውኃ ግድግዳ ሥር ይደረደራል፣ በቃ። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። የተፈቀደልን ፈቃድ አልቋል፣ ሺፍት የቀየረልን ሰውም ሺፍቱን ይፈልጋል። ሐዘንተኛው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ነው።

እትዬ ስንዱ የሚመጡት ያን ጊዜ ነበር። በሦስቱ ቀን ውስጥ ከቶ አይታዩም፤ እንዲያውም የማያውቋቸው ሰዎች «ለቅሶ አትደርስም» እያሉ ያሟቸው ነበር። ወሬው ሲደርሳቸው ይስቃሉ። «በሦስቱ ቀንማ ሰው ያለቅሳል፤ በአራተኛው ቀን ነው ቤቱ የሚያለቅሰው» ይላሉ። ይህን አባባል ከማን እንደሰሙት ስጠይቃቸው ከማንም እንዳልሆነ ነገሩኝ። «ጌታም የወዳጁ መታመም ተነግሮት ቶሎ አልሄደም። የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው፤ ለቀስተኛው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ። እኔ እንደ እሱ ሙት ማስነሣት አልችልም። ዕቃ ማጠብ ግን እችላለሁ።»

አጭርና ደልደል ያሉ ሴት ነበሩ። ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ስለሚገፉ ክንዳቸው የጠነከረ ነው። አንድ ሰው ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፣ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ይጠቀልሉና ቀጥ ብለው ወጥ ቤት ይገባሉ። አይቀመጡም። «እትዬ፣ እባክዎ አረፍ ይበሉ» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ለመቀመጥ የሚመጣውማ መጥቶ ሄደ።»

እኔ ከእሳቸው ጋር የተገናኘሁት በመኪናዬ ምክንያት ነው። የምንኖረው በአንድ ግቢ ነበር። እሳቸው ሃይዌይ ላይ አይነዱም፤ የሐዘን ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሃይዌይ ተሻግሮ ነው። አንድ ቀን ፓርኪንጉ ውስጥ አስቆሙኝ።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ መኪናሽ ሥራ አለው?»

«እረፍት ነኝ እትዬ፣ የት ልውሰድዎ?»

«አንቺን አልጠየቅኩም፣ መኪናውን ነው። አንቺም ካልደከመሽ አብረሽው ነይ።»

በዚህ ሁኔታ ሾፌራቸው ሆንኩ። መጀመሪያ ላይ ከመኪናው አልወርድም ነበር፤ የማላውቀው ሰው ሐዘን ውስጥ መግባት ያስፈራኝ ነበር። በትምህርት ቤታችን ሐዘን የደረሰበትን ልጅ እንዴት እንደምንይዝ ስልጠና ወስደን ስለነበር አንድ ቀን እየነዳሁ የተማርኩትን በሥርዓት አስረዳኋቸው። ሐዘንተኛ «ስፔስ» ያስፈልገዋል አልኳቸው።

«ስፔስ ምንድን ነው?»

«ማለቴ… ቦታ መስጠት ነው። ለብቻቸው መተው።»

«ለብቻቸውማ ናቸው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከመኪናው መውረድ ጀመርኩ።

እትዬ ስንዱ ስሕተት የማይሠሩ ሰው እንደነበሩ አድርጌ ልነግራችሁ አልፈልግም፤ ቢሰሙም ይቆጡኛል። እንዲያውም እሳቸውን እሳቸው ያደረጋቸው አንድ ስሕተት ይመስለኛል።

ዴንተን የሚኖር ጀማል የሚባል ሰው ሚስቱ ሞታበት ነበር። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች አሉት። ጀማል ሙስሊም ስለሆነ እነሱ ዘንድ ሠልስት ባይባልም ሦስቱ ቀን አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጭርታም ያው ነው። እትዬ ስንዱ ጀማልን የሚያውቁት ኤርፖርት አብረው ሠርተው ነው። ጠዋት ሽሯቸውን ሠርተው በድስቱ ይዘው ወጡ። ሥጋ ለምን መያዝ እንደሌለባቸው ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ። «አውቃለሁ ቲቸር። ሽሮ ክርስቲያንም እስላምም አይደለም፤ ለዚህ ነው የያዝኩት።»

ጀማል በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ገለል አለላቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ሰዓታቸውን ፈትተው ገቡ። ዕቃውን አጠቡ፣ ልጆቹን አበሉ፣ የአንደኛዋን ጸጉር ሠሩ። ከዚያ በየክፍሉ የተበተነውን ልብስ ሁሉ ለቅመው እኔን አስይዘው ወደ ላውንድሪው ወረዱ። ሁሉንም አጠብን፣ አደረቅን፣ አጣጥፈን ተመለስን። ጀማል ከተጣጠፈው ልብስ መካከል አንድ አረንጓዴ ሻሽ ሲያይ ቀስ ብሎ አነሣውና አፍንጫው ላይ አደረገው። እንደዚያው ቆየ።

«መታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ላይ ነበር የተሰቀለው» አለ። «ሽታዋ ነበረበት።»

አልተቆጣም። እትዬ ስንዱ ግን ቆመው ቀሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጀማልን ትከሻ ሊስሙ ሲሉ እሱ ቀድሞ ጎንበስ ብሎ የእሳቸውን ሳመ። ከዴንተን እስከ ዩለስ እያለቀሱ መጡ። መኪናዋን ሳቆም፣ «አየሽ ቲቸር፣ ደግ እጅም ሳይጠይቅ ከነካ ሌባ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቤት ሲገቡ፣ ሰዓታቸውን ከመፍታታቸው በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ። «ምን እንዳልነካ ትፈልጋላችሁ?» ነበር የሚሉት። ሁላችንም ለሐዘንተኛ «ምን ላድርግልህ?» እንላለን። ሐዘንተኛው «ምንም» ይላል፣ ምክንያቱም የሚያስፈልገውን ራሱም አያውቅም። «ምን እንዳልነካ?» ሲባል ግን ሁሉም ሰው መልስ አለው። አንዷ የባሏን ያልታጠበ የቡና ስኒ አሳየቻቸው። አንድ ሽማግሌ ሶፋው ላይ የሟች ጭንቅላት የተወውን ስርጉድ አሳዩ። አንዲት ልጅ የአባቷን የመኪና ወንበር፣ ወደ ኋላ የተገፋበትን ርቀት፣ ማንም እንዳይነካው አለች። እትዬ ስንዱ «ኦኬ» ይላሉ፣ ያንን ነገር በዓይናቸው ሳም አድርገው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሰዎቹም ስለዚያ ነገር እያወሩ ማልቀስ ይጀምራሉ። እሳቸው ዕቃ እያጠቡ ይሰማሉ። እኔ በብዙ ስልጠና ያልገባኝ ነገር በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ገባኝ።

አሁን ወደማልረሳው ቀን ልምጣ።

የእትዬ ስንዱ ባል ጋሽ መርዕድ ፎርት ዎርዝ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ብሩክ ከሚባል ወጣት ጋር በአንድ መኪና ነበር የሚሄዱት። ብሩክ ዲቪ ደርሶት ከደሴ የመጣ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ እዚህ ዘመድ የለውም። መኪናው የእሱ ነው፣ የሚነዳውም እሱ። እትዬ ስንዱ በየቀኑ ለሁለቱ የሚበቃ ምሳ በአንድ ትልቅ ሰማያዊ ምሳ ዕቃ አድርገው ይሰጧቸው ነበር። «ሁለት ዕቃ ባደርግ ጋሽ መርዕድ የራሱን ጨርሶ የልጁን ያያል፤ አንድ ላይ ሲሆን ያፍራል» ይሉ ነበር።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ሃይዌዩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተንሸራቶ መጣባቸው። ጋሽ መርዕድ እዚያው ሞቱ። ብሩክ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ።

ፖሊስ ጥፋቱ የብሩክ እንዳልሆነ ተናገረ። ወሬ ግን ፖሊስ አይጠይቅም። «ስልክ ይዞ ነበር አሉ» አለ አንዱ። «ፍጥነት ይወዳል» አለ ሌላው። ብሩክ ገና ከሆስፒታል እንደወጣ ለቅሶ ቤቱ ድረስ መጣ። በሩ ላይ የነበሩ ሰዎች፣ ለክፉ ሳይሆን ለሐዘንተኛዋ አስበው፣ «ለአሁኑ ባትታይ ይሻላል» ብለው መለሱት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ፣ አብሮት የሚኖረው ልጅ በመኪና እያደረሰው፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሞ መስኮቱን ሲያይ ያዩት ነበሩ። ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ከአርባው በኋላ ይቅርታ እንዲጠይቅ ይዘነው እንመጣለን አሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባላጠፋው ጥፋት ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ እሱም ከአርባው በኋላ።

ጋሽ መርዕድ ተቀበሩ። ሠልስታቸውም ወጣ። ወንበሮቹን እያጣጠፈ መኪና ላይ የጫነው ጀማል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጠራ።

«ቲቸር፣ መኪናሽ ሥራ አለው?»

መቃብር ሊሄዱ ነው ብዬ አሰብኩ። ቤታቸው ስደርስ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ድስት ይዘው፣ በሩ ላይ ቆመዋል። ከዴንቨር የመጣችው የጋሽ መርዕድ እህት ጥሩወርቅ ከኋላ ክንዳቸውን ይዛለች።

«ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል እንዴ ስንዱ? ሰው ምን ይላል?»

«ዕቃ ስታጥቢ ያን ጥቁሩን ድስት ተይው፣ እኔ እመጣለሁ።»

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ብሩክ ጋ።»

ጥሩወርቅ እጇን ለቀቀች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ወንድሜን የገደለው ልጅ ቤት?» አለች።

እትዬ ስንዱ ዞር ብለው አዩዋት። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ጥሩዬ፣ እኔ ጋ ሁሉም ሰው ነበረ። አንቺ ነበርሽ። እሱ ጋ ማን ነበረ? የሞተብን እኮ አንድ ሰው ነው፣ ለሁለታችንም።»

ብሩክ የሚኖረው ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ነው፤ ግን መካከል ላይ ሃይዌይ ስላለ በእግር አይደረስም። እየነዳሁ ስንደርስ ምን እንደሚሉት አስብ ነበር። እኔ ብሆን ብዬ ንግግር አዘጋጀሁ፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው። ከንግግሬ አንዱም ቃል አላስፈለገም።

በሩን የከፈተልን አብሮት የሚኖረው ናሆም ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ሲያያቸው ደነገጠ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ወጣና በሩን ገርበብ አድርጎ በሹክሹክታ አወራ።

«እትዬ… ምንም አይበላም። አያወራም። እኔ ሁለት ሺፍት ቀረሁ። ማለቴ፣ ብቻውን ልተወው ፈራሁ። ዛሬ ካልገባሁ ደግሞ ሥራዬን አጣለሁ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ለሦስታችንም ግልጽ ነበር። እትዬ ስንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና «ሂድ ልጄ፣ ሥራህ ግባ። ዛሬ የእኔ ሺፍት ነው» አሉት።

ብሩክ ክንዱ በጀሶ ታስሮ መሬት ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ሲያያቸው ለመነሣት ሞከረ፣ መሃል ላይ ተወውና እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ተነሥ» አሉት። «ወለሉ ቆሻሻ ነው።»

አልተነሣም።

«ብሩክ፣ በልተሃል?»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ… እኔ ነበርኩ የምነዳው…»

«በልተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ራሱን ነቀነቀ። ክንዱ እንዳይጎዳ በጥንቃቄ ደግፈው አስነሡት። ጫማቸውን አወለቁ። እጃቸው ወደ ሰዓታቸው ሲሄድ አየሁና ጥያቄው መጣ። በሌላ ሰው ቤት እንደሚጠይቁት፣ በዚያው ድምፅ።

«ምን እንዳልነካ ትፈልጋለህ?»

ብሩክ በደህናው እጁ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመ። ሰማያዊው ምሳ ዕቃ እዚያ ነበር። ናሆም ተጎትቶ ከቆመው መኪና የብሩክን ዕቃ ሲያወጣ አብሮ አምጥቶት ነው። እንደተዘጋ ነበር፣ ማንም አልከፈተውም።

«ላመጣልዎ ነበር፣ አልቻልኩም» አለ ብሩክ። «ልጥለውም አልቻልኩም።»

እትዬ ስንዱ ምሳ ዕቃውን አዩት። ወንበር ስበው ተቀመጡ። በየሐዘኑ ቤት ስከተላቸው ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ብሩክም ከእግራቸው ሥር ተመልሶ ተቀመጠ፤ በዚህ ጊዜ ተነሥ አላሉትም። ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሁለቱም አለቀሱ፣ ብዙ ድምፅ ሳያሰሙ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ከውጭ ያለውን መንገድ አያለሁ። ላየሁት ነገር ስም ላወጣለት አልቻልኩም። ስለ ፍቅር ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ለልጆችም አስተምሬያለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ ራሱ ተቀምጦ ነበር፤ ጥቁር ለብሶ፣ የሻገተ ምሳ ዕቃ ፊት ለፊት።

ከቆይታ በኋላ እትዬ ስንዱ ፊታቸውን ጠረጉ።

«አሁን ልነካው?» አሉት።

ብሩክ እሺ አለ።

ከፈቱት። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ለባላቸው የሠሩት የመጨረሻ ምሳ ነበር፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ፣ ያልተነካ። ደፉት። በፈላ ውኃ አጠቡት፣ ደገሙት፣ ክዳኑን በጣታቸው እየፈተጉ ዙሪያውን አጸዱት። ከዚያ ከድስቱ ሽሮ ቀድተው እዚያው ምሳ ዕቃ ውስጥ አደረጉና ፊቱ አቀረቡለት።

«አንድ ላይ ነው የሚበላው፣ ታውቃለህ» አሉት። እሳቸውም እጃቸውን ሰደዱ። ብሩክ በላ።

ያን ዕለት ናሆም ከሥራ እስኪመለስ ድረስ እዚያው ዋሉ፤ በማግስቱም፣ ከዚያ በማግስቱም ሄዱ። ብሩክ ከተሻለው በኋላ ግን መኪና መንዳት አልቻለም። መሪ ፊት ይቀመጥና ሞተሩን ሳያስነሣ ይወርድ ነበር። ሥራውን ሊያጣ ነው፣ ያለ መኪና ደግሞ እዚህ አገር መኖር እንደሌለ የምታውቁት ነው። አንድ እሑድ እትዬ ስንዱ ባዶ የሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ የእኔን መኪና አስመጡና ብሩክን መሪው ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ከጎኑ ተቀመጡ። የጋሽ መርዕድ ቦታ ላይ ማለት ነው።

«ንዳ።»

መኪናዋ እንደ ኤሊ ተንቀሳቀሰች።

«ቀስ በል አላልኩህም፣ ንዳ ነው ያልኩህ» አሉት። እኔ ከኋላ ወንበር ነበርኩ፤ ብሩክ ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ የእትዬ ስንዱ ሾፌር ብሩክ ሆነ። እኔ ከሥራዬ ተባረርኩ እያልኩ እቀልድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሦስታችንም እንሄድ ነበር። ብሩክ በየቤቱ ዕቃ ያጥባል፣ እኔ ልጆቹን የቤት ሥራ አሠራለሁ፣ እሳቸው ጥያቄያቸውን ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። እትዬ ስንዱ ልጅ አልነበራቸውም። ሲያርፉ ለቅሷቸው ከግቢው ሞልቶ እስከ መንገዱ ደረሰ፤ ሲያሟቸው የነበሩትም መጡ። ሠልስታቸው ወጣ፣ ወንበሮቹ ተመለሱ፣ ጥሩወርቅ ወደ ዴንቨር በረረች። በማግስቱ ጠዋት ብሩክና እኔ ሳንቀጣጠር ፓርኪንጉ ውስጥ ተገናኘን። እሱ ምሳ ዕቃውን ይዟል።

«ወደ ማን ነው የምንሄደው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ዝም ብዬ ሠራሁና መጣሁ።»

ቤታቸው ባዶ ነው። የሚጽናና ሰው የለም። ደረጃው ሥር ቆመን ሳለ ብሩክ በምድር ቤት ካሉት በሮች ወደ አንዱ አየ። በሩ ላይ በደንብ የታሰረ የቆሻሻ ከረጢት ተቀምጧል። አጠገቡ ሌላ አለ። የሚስ ሎሬታ በር ነው። ሚስ ሎሬታ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አሜሪካዊት ናቸው፣ የሚሄዱት በዎከር፣ በሚደገፉት የብረት ምርኩዝ ነው። ቆሻሻቸውን ወደ ገንዳው የሚወስዱላቸው እትዬ ስንዱ ነበሩ። በቋንቋ ብዙ አይግባቡም ነበር፤ ግን ማታ ማታ አብረው በረንዳ ላይ ሲቀመጡ አያቸው ነበር።

«የነገራቸው ሰው አለ?» አለ ብሩክ።

ተያየን። ማንም አልነገራቸውም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማንም አላሰባቸውም፤ እኔም ጭምር።

ብሩክ ከረጢቶቹን ወስዶ ጣላቸው፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ መጣና አንኳኳ። ሚስ ሎሬታ ቀስ ብለው ከፈቱ።

«መኪናውን ሁሉ በመስኮት አየሁ» አሉን በእንግሊዝኛ። «ሰዉ ነጭና ጥቁር ለብሶ ነበር። ሠርግ መሰለኝ፣ ግን የሚስቅ አላየሁም። አንድ ሰው ሞቶባችሁ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስንዱ መጥታ ማን እንደሞተ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነው።»

ማስረዳት እወዳለሁ ብያችኋለሁ። ያን ጊዜ ግን ወደ ብሩክ ዞርኩ። ብሩክ ነው ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ይዞ የነገራቸው። ሚስ ሎሬታ ዎከራቸውን ጨብጠው ቆሙ፣ ከዚያ «ግቡ፣ ግቡ» አሉን።

ብሩክ ጫማውን አወለቀ። ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በእንግሊዝኛው እየተደናቀፈ፣ ምን እንዳልነካ ይፈልጋሉ ብሎ ጠየቃቸው። ሚስ ሎሬታ ጥያቄው ወዲያው ገባቸው። በረንዳው ላይ ወዳሉት ሁለት የላስቲክ ወንበሮች ጠቆሙ፤ አንደኛው ወደ ሌላው ትንሽ ዞሯል።

«ያንን» አሉ። «እንደዞረ ይሁን።»

ብሩክ «ኦኬ» አለና ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

አንባቢዎች ሆይ፣ የምለምናችሁ ነገር ቀላል ነው። በሚቀጥለው ለቅሶ ሁላችሁም እንደ ልማዳችሁ ሂዱ፤ ሂዱ እንጂ አትቅሩ። ነገር ግን ወንበሮቹ ሲታጠፉ፣ በዚያ ሞት ያለቀሰ፣ ግን ማንም ያላንኳኳበት በር የማን እንደሆነ ለአንድ አፍታ አስቡ። የነጂው ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤቱ፣ ከሟቹ ጋር የተጣላ ወንድም፣ ቋንቋችንን የማትናገር አሮጊት። በማግስቱ ወደዚያ ሂዱ። ንግግር አታዘጋጁ። ጫማችሁን አውልቁና ምን እንዳትነኩ እንደሚፈልጉ ጠይቁ። መልሱን ሰምታችሁ ስትጨርሱ፣ የሚታጠበው ዕቃ የት እንዳለ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።